መስመሩ ተዘረጋ፤ መጋጠሚያው ተረሳ

አንድ የዋጃ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ጉዳይ አለው እንበል። አንዱ መርካቶ ነው፤ ለሱቁ ልብስ፣ በመስኖ ለሚያለሙት ደንበኞቹ ደግሞ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ይገዛል። ሁለተኛው ሰንጋ ተራ ነው፤ ከአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የብድር ጥያቄው የት እንደደረሰ ያጣራል። ሦስተኛው ኃይሌ ጋርመንት ነው፤ በአይሱዙ አስጭኖ የላከውን ሽንኩርት የተረከበው ሰው ቀሪ ሒሳብ ይዞበታል። ሦስቱም ጉዳዮች ያሉት በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። ሦስቱንም በአንድ የሥራ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ነጋዴ ግን አዲስ አበባን አያውቃትም።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ርቀቷ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነጋዴው ንጋት ላይ ተሳፍሮ ቆቦን፣ ጎብዬን፣ ወልድያን፣ መርሳን፣ ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ይወጣል። ከዚያ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን ቆርጦ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ የደብረ ብርሃን ብርድ ይቀበለዋል። መንገዱ ሰላም ሆኖ ከቀናው (በነዚህ ዓመታት መቼ እንደሚቀና አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም) ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል። እስከዚህ የከፈለው ለርቀት ነው። ርቀት የፈጣሪ ሥራ ስለሆነ ማንም አይወቀስበትም። ከላምበረት ወዲህ የሚከፍለው ግን ሰው ለሠራው ጉድለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ መገናኛ ይደርሳል። ከመገናኛ የምሥራቅ–ምዕራቡን ቀላል ባቡር ይሳፈራል። ስታዲየም ወይም ለገሃር ላይ ወርዶ የሰሜን–ደቡቡን ባቡር ይጠብቃል፤ ያ ባቡር ደግሞ አውቶቡስ ተራ ያደርሰዋል። በካርታ ላይ ሲታይ እንዲህ የቀና ጉዞ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች አይገኝም። መሬት ላይ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ሚኒባሱ ካወረደው ቦታ እስከ ባቡሩ ድረስ ሕዝብ እየገፉ፣ አስፋልት እየተሻገሩ መሄድ አለ። ባቡሩ ሲመጣ ጢም ብሎ ነው። መቀየሪያው ጣቢያ ላይ የሚቀጥለው ባቡር መቼ እንደሚደርስ ማወቅ አይቻልም፤ በአምስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ በግማሽ ሰዓትም። ሲመለስማ የባሰ ነው። ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ የድልድይ ላይ ጣቢያን ደረጃ የሚወጣ ነጋዴ የለም። የሚቀረው ኮንትራት መኪና ነው። የኮንትራቱን ዋጋ የሚተምነው ሹፌሩ ቢመስልም፣ ዕውነቱ ግን ዋጋውን የሚተምነው የነጋዴው ድካም ነው።

ይህን ጊዜ በካልኩሌተር እንየው። አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ 50 ሰው ይዞ መጣ እንበል። እያንዳንዱ መንገደኛ ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው ሲቀይር፣ ሲሰለፍና ሲሻገር አንድ ሰዓት ብቻ ቢያጠፋ 50 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። 50 ሰዓት በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲሰላ ከስድስት ቀን በላይ ነው። ከአንድ አውቶቡስ የስድስት ቀን ሥራ ፈሰሰ። ሲመለሱም ያው ነው። ይህ ኪሳራ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የባቡሩ ድርጅት አይመዘግበውም፣ የትራንስፖርት ቢሮውም አይመዘግበውም፣ ገቢ ሰብሳቢውም ከግብር አይቀንሰውም። ነጋዴው ግን አልጋ ይዞ አንድ ሌሊት ይጨምራል፣ የምግብ ይጨምራል፣ ሱቁ በዚያው ቀን ተዘግቶ ይውላል። ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ ዋጃ ላይ በሚሸጠው ሸሚዝና አዲስ አበባ ላይ በሚሸጠው ኪሎ ሽንኩርት ላይ ያርፋል።

ስለ ትራንስፖርት የሚነገረው ሁሉ ስለ መስመር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፣ ስንት አውቶቡስ ተገዛ፣ ስንት ባቡር ገባ ይባላል። ሪባን የሚቆረጠውም ለመስመር ነው። ለመጋጠሚያ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን እስካሁን አልታየም። ነጋዴ ግን ያውቀዋል፤ ገንዘብ የሚገኘውም የሚጠፋውም ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። የከተማ ማጓጓዣም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ሦስት ባቡር፣ ዜሮ መጋጠሚያ

ነገሩን ለመረዳት ለገሃር መቆም ነው። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ጣቢያው» ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም የቆመው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በዚህ በር አለፈ። ባቡሩ ሲደርስ በር ላይ ጋሪው፣ ታክሲው፣ ኩሊው፣ ደላላው፣ የሆቴል አስተናጋጁ ይጠብቃል። ሆቴሉም፣ ቴአትር ቤቱም፣ ባንኩም ቀስ በቀስ ዙሪያውን የተሰበሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንም «የንግድ ማዕከል ይሁን» ብሎ በደብዳቤ አላዘዘውም፤ ሰው የሚወርድበት ቦታ ገበያ ይሆናል፤ ያ ነው።

ከዚያ የሆነው የሚገርም ነው። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ መድረሱን አቆመ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከለገሃር ፊት ለፊት በድልድይ ላይ ያልፋል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ የመንገደኛ ጣቢያው ግን ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ቀላል ባቡሩ በደቡብ ቃሊቲ፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ለቡ አይደርስም። እንግዲህ ይታያችሁ። አንዱ ባቡር ጣቢያ አለው፣ ባቡር የለውም። ሁለተኛው በጣቢያው ፊት በአናት ያልፋል። ሦስተኛው ከከተማ ወጥቶ ቆሟል። ሦስት ባቡር፣ ዜሮ መጋጠሚያ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዋናውን መስመር እንደገና ለገሃር ድረስ ማስገባት ቀላል አልነበረም። ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ከተማው ሐዲዱን ከበቦ አድጓል። በዚያ ሁሉ ቤት መካከል ሰፊውን ሐዲድ አሳልፎ ማስገባት ስንት ሰው ያፈናቅል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጣቢያው ውጭ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይባልም። ጥፋቱ ውጭ አውጥቶ ማገናኛ አለማበጀቱ ነው።

ናይሮቢን ማየት ይቻላል። ኬንያውያን የሞምባሳውን አዲስ ባቡር በግንቦት 2009 ዓ.ም. ሲከፍቱ ዋና ጣቢያቸውን ያቆሙት እንደ እኛው ከከተማው ውጭ፣ ስዮኪማው አካባቢ ነው። ነገር ግን መሀል ከተማ ያለውን አሮጌውን የናይሮቢ ጣቢያ አልጣሉትም። ከዚያ ተነስቶ ወደ አዲሱ ጣቢያ መንገደኛ የሚያደርስ የከተማ ባቡር አሰማሩ፤ ሰዓቱንም ከረጅሙ ባቡር መነሻና መድረሻ ጋር ለማጣጣም ሞከሩ። የናይሮቢ ትራንስፖርት ገነት ነው የሚል ሰው ማታቱ ተሳፍሮ የማያውቅ መሆን አለበት። በዚህች ነገር ግን ቀድመውናል። ለመቅደም ያስፈለጋቸውም አዲስ ሐዲድ አልነበረም፤ የነበራቸውን ማገጣጠም ብቻ ነው።

የግንዱ ችግር

ስለ ቀላል ባቡሩ ጥቂት መባል አለበት፤ ምክንያቱም የንግድ ሰፈሩ ዋና መቀየሪያ እሱ ነው። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ 39 ጣቢያ አላቸው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የጋራ ጣቢያዎች ናቸው። ቅርንጫፎቹ አራት፣ ግንዱ አንድ ነው።

ይህ ግንድ በንግድ ሰፈሩ መሀል መተከሉ ትክክል ነበር። ከለገሃር ወደ ላይ ብሔራዊ ቴአትርና አምባሳደር፣ ወደ ጎን ሰንጋ ተራ፣ ከዚያ ሜክሲኮ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የግል ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን የተከሉት በዚሁ ሰፈር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እነሱም ሲመጡ ቢሮ የሚፈልጉት እዚያው አካባቢ እንደሚሆን የሚጠራጠር የኮሚሽን ሠራተኛ የለም። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሰው ሊወርድበትና ሊቀይርበት የሚገባው ቦታ ይህ ነው።

ግንድ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም የጋራ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ሐዲድ ሲሄድ የአንዱ ባቡር መዘግየት ለሌላው ይተርፋል። አንዱ ሜክሲኮ ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ የአያቱም የቃሊቲውም መንገደኛ እኩል ይጠብቃል። ስለዚህ ግንዱ ላይ ያለ ጣቢያ ከሌላው ሁሉ በላይ ሰፊ፣ በመረጃ የበለጸገ፣ ሰው በፍጥነት የሚወጣበትና የሚገባበት መሆን ነበረበት። የተሠራው ግን እንደ ማንኛውም ጣቢያ ነው፤ ደረጃ፣ ጠባብ መቆሚያ፣ ጣራ። ባቡሩ ሲከፈት ቲኬት የሚቆረጠው መንገድ ዳር ባለች ኪዮስክ ነበር፤ ታሪፉም እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር። ያ ቲኬት በአንበሳ አውቶቡስ አይሠራም፤ የአንበሳውም በባቡሩ አይሠራም። ሁለቱ የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚያጓጉዙ አይመስሉም ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አዙሪት ለኢኮኖሚ ተማሪ የፈተና ጥያቄ ይሆናል። መጋጠሚያው የማይመች ስለሆነ ኪሱ የሚችል ሰው ባቡሩን ይተወዋል። የሚተርፈው ዝቅተኛ ታሪፍ የሚከፍለው ነው። ገቢው ሥራ ማስኬጃ አይሸፍንም፤ መለዋወጫ የሚገዛው ግን በዶላር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ዓመታት በገፉ ቁጥር ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ቀሩ። ባቡር ሲያንስ ጥበቃ ይረዝማል፤ ጥበቃ ሲረዝም መቀየር ይበልጥ ያስመርራል፤ ሰውም ይሸሻል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው መለዋወጫ በብር ሲሰላ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሆነ የዚህ ገጽ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቃል።

ስም ቀረ፣ ገበያው ሄደ

የሽንኩርቱን ነገር እንመልከት። ለራያና ለቆቦ ነጋዴ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ቀላል ባቡሩ ሲሠራ «አትክልት ተራ» የሚባል ጣቢያ ተሰየመለት፤ ፒያሳ አጠገብ ያለው የአትክልት ጅምላ ገበያ ያን ጊዜ እዚያው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ጃንሜዳ ለጥምቀት ሲፈለግ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። የጣቢያው ስም አትክልት ተራ እንደሆነ ቀረ፤ አትክልቱ ግን ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ኃይሌ ጋርመንት የቀላል ባቡር ጣቢያ የለውም። የሚያስቀው (የሚያስቅ ከሆነ) ከአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ከለቡ ብዙም የማይርቅ መሆኑ ነው። ገበያው ወደ ባቡሩ ተጠግቶ ሳለ ባቡሩን ከገበያው ጋር የሚያገናኝ ነገር አልተሠራም።

ገበያው መዛወሩ አያስወቅስም። በዚያ ጭቃና ጭንቅንቅ መካከል አይሱዙ ማራገፍ ለማንም አልበጀም ነበር። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ እየተቀነሱ ወደ ላምበረት፣ አስኮ፣ አየር ጤናና ቃሊቲ መናኸሪያዎች መከፋፈላቸውም ምክንያት አለው፤ መርካቶ ያን ሁሉ አውቶቡስ መሸከም አልቻለም። ከተማ ሲያድግ ነገር ወደ ዳር ይወጣል። ነገር ግን ወደ ዳር የወጣው እያንዳንዱ ነገር አንድ ክር ትቶ መውጣት አለበት፤ ከመሀሉ ጋር የሚያስረው። ክሩ ሲቀር መጨናነቁ አልጠፋም፤ ከአስፋልቱ ወርዶ በነጋዴው ጫንቃ ላይ ወጣ ማለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደላሎች ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ይነገር። ቆቦ ላይ የሽንኩርት አምራቹ አዲስ አበባ ስላለው ዋጋ የሚያውቀው በስልክ ነው። ደላላው የነገረውን ማመን አለበት፤ ወይም ራሱ መጥቶ ማየት። ራሱ መጥቶ ለማየት ሁለት ቀን ከመንገድ፣ አንድ ቀን ከከተማው መቀያየሪያ ጋር ከታገለ የሽንኩርቱ ትርፍ እዚያው አለቀ። ስለዚህ ያምናል። ደላላው መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚያተርፈው፤ ገበያው ውስጥ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ነው። መጋጠሚያ የተበላሸበት ከተማ ለመሀለኛው ሰው ይመቻል፤ ለሁለቱ ጫፎች ግን አይመችም።

ለገሃር ይሸጣል፣ ጣቢያውስ?

አሁን የሚያሳስበው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር መሬት ላይ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ በ36 ሄክታር ላይ መኖሪያ፣ ቢሮ፣ ሆቴልና የገበያ ማዕከል እንደሚገነባ፣ ወጪውም 50 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተነገረ። በቦታው የነበሩ 1,600 ገደማ አባወራዎች ከአካባቢው ሳይርቁ ቤት እንደሚሠራላቸው፣ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃም እንደሚጠበቅ ተገለጸ። ለከተማ ኢንቨስተር ይህ የምሥራች ነው። ለነጋዴም ቢሆን ክፋት የለውም።

ጥያቄው ግን የዋጋ ጥያቄ ነው። በዚያ ቦታ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ውድ የሆነው ለምንድን ነው? አየሩ ከሌላው ሰፈር ስለሚሻል አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ባቡር ስለገባበት፣ ኋላም ሕዝብ በሚከፍለው ብድር ቀላል ባቡር ስለተዘረጋበት፣ አራቱ የከተማው ማዕዘናት እዚያ ስለሚገናኙ ነው። ዋጋውን የፈጠረው መጋጠሚያው ነው። አፓርታማ ገዢው ለመስኮቱ ዕይታ እከፍላለሁ ብሎ ቢያስብም የሚከፍለው ለመጋጠሚያው ነው። እንግዲያውስ ከዚያ ዋጋ የተወሰነው ተመልሶ ወደ መጋጠሚያው ካልገባ ሕዝብ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በብድር፣ አንድ ጊዜ በጥበቃ።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ምድር ውስጥ ባቡሯን ስትዘረጋ ለባቡር ኩባንያው በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የመገንባት መብት ሰጠችው። ኩባንያው ከሕንፃው ኪራይና ሽያጭ የሚያገኘውን ትርፍ ለሐዲዱ ያውለዋል። ሰው ከባቡሩ ሲወርድ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ይገባል፤ ከቢሮው ሲወጣ ባቡሩ ላይ ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው። አዲስ አበባ ሆንግ ኮንግ አይደለችም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን 36 ሄክታር መሀል ከተማ ላይ፣ በአንድ ባለቤት እጅ፣ ከሁለት የባቡር መስመር ጋራ ጣቢያ አጠገብ ማግኘት ለሆንግ ኮንግም ዕድል ነው። ይህን ዕድል አንድ ጊዜ በኮንክሪት ከሸፈኑት በኋላ መልሶ ማግኘት የለም።

መስቀል አደባባይ ላይ የሆነውን ልብ ይሏል። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ ወደ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠራለት። ጥሩ ሥራ ነው፤ መኪና ያለው ሰው ማቆሚያ አገኘ። ከአደባባዩ ጥግ ስታዲየም ጣቢያ ወርዶ ሌላ ማጓጓዣ የሚፈልገው መንገደኛ ግን ከ1,400 ሰው ይበልጣል። ከመሬት ሥር ለመኪና የተቆፈረው ለሰውም ሊቆፈር ይችል ነበር። ለገሃር ላይ ያው ስሕተት እንዳይደገም ጊዜው አሁን ነው።

ሊደረግ የሚገባው የሚያስፈራ አይደለም። ከለገሃር ጣቢያ ድልድይ ቀጥታ ወደ አዲሶቹ ሕንፃዎችና ወደ ታች ወደ አውቶቡስ መቆሚያ የሚያወርድ መተላለፊያ ይሠራ። የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ፣ ሚኒባሱም ጭምር፣ መንገድ ዳር በግፊያ ሳይሆን በጣቢያው ጥላ ሥር የሚቆሙበት ቦታ ከ36ቱ ሄክታር ይቆረጥ፤ አንድ ሄክታር ቢሄድ ኩባንያው አይከስርም፤ እንዲያውም በበሩ የሚያልፈው ሰው ደንበኛው ነው። ወደ ለቡ በረጅሙ ባቡር ሰዓት ልክ የሚሄድና የሚመለስ አውቶቡስ ከዚያው ይነሳ፤ ኃይሌ ጋርመንትንም በመንገዱ ይንካ። ለዚህ ሐዲድ አያስፈልግም፤ የሰዓት ሰሌዳ ያስፈልጋል። ባቡሩንም አውቶቡሱንም በአንድ ክፍያ መሳፈርማ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ገንዘብ በሚያስተላልፍበት በዚህ ዘመን ሰበብ ሊቀርብበት የሚገባ ጉዳይ አይደለም። ላምበረትን ከመገናኛው ባቡር ጋር ለማሰርም ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ አይጠይቅም።

ከተማው ውስጥ የሚታየው ስሕተት ወደ ሰሜንም ተጉዟል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 392 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2004 ዓ.ም. በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከሐራ ገበያ በራያ ቆላ በኩል ወደ መቀሌ የሚቀጥለው ሌላው መስመርም እንዲሁ ተጀምሮ ነበር። ከዚያ የገንዘብ እጥረት መጣ፤ ቀጥሎ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ቆቦንና ዋጃን ሳይቀር አመሳቀለ። ጣቢያው የተተከለው ግን ወልድያ ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቆላው ላይ ነው። ለሐዲድ መሐንዲስ ቆላው ይመቸዋል፤ ተራራ አይወጣም። ለነጋዴ ግን የጎንደርና የባሕር ዳሩ መንገድ ከመቀሌው መንገድ ጋር የሚገጥመው ወልድያ ላይ ነው፤ ጭነት የሚገለበጠው እዚያ ነው። ባቡሩ አንድ ቀን ሲያፏጭ ሐራ ገበያን ከወልድያ የሚያገናኘው ነገር ካልታሰበ ለገሃርና ለቡ እንደገና ተወለዱ ማለት ነው።

ዋጃ ላይ ዛሬ አውቶቡስ የሚቆመው በአስፋልቱ ዳር ነው። ተሳፋሪው፣ ጫኙ፣ ቆሎና ሙዝ ሻጩ፣ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ሁሉም በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ማንም ያቀደው የለም። ነጋዴው ከአውቶቡሱ ወርዶ ሱቁ ለመድረስ የሚፈጅበት ሦስት ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከባንኩ ወጥቶ ሽንኩርቱ ያለበት እስኪደርስ ግን ግማሽ ቀኑ ያልቃል፤ ደላላውም ያን ጊዜ «ጋሼ፣ ዛሬ ሒሳብ ዘግተናል፣ ነገ ይምጡ» ይለዋል።